ጭራቅ ይወለዳል ወይ?

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን አንድ ተራ የሚመስል ጥያቄ ነው። «ከጭራቆቻችሁ ሁሉ የትኛውን ትወዳላችሁ?» ተብለን ተጠየቅን። ጠያቂው የጨዋታ ጥያቄ ነው ያመጣልን፤ እኛም በጨዋታ ልንመልስለት ነበር ያሰብነው። ይሁን እንጂ መልሱን ስናወጣ ስናወርድ ከጥያቄው ሥር ሌላ ጥያቄ ተኝቶ አገኘን። ይኸውም፦ ጭራቅ ይወለዳል ወይስ ይሆናል? አንድን ፍጡር «ምን አደረግህ?» ሳንለው፣ በመልኩና በዘሩ ብቻ ሰይፍ የምናሳርፍበት በምን ፍርድ ነው? ደሞስ ነገሩ በወረቀትና በእርሳስ የሚደረግ ጨዋታ ከሆነ ፍርዱ ምን ያስጨንቀናል?

ስለምን ጨዋታ እንደምናወራ ለማያውቅ ወንድምና እህት ባጭሩ እንናገር። ጥቂት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ይከብባሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ አስማተኛ፣ አንዱ ሌባ። ተራኪው «ዋሻው ጨለማ ነው፤ ከወደ ውስጥ የሚያንኮራፋ ነገር ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። እነሱም የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚለውን ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይፈርዳል። እንደ ዳማ ወይም እንደ ገበጣ አሸናፊና ተሸናፊ የለውም፤ ተመልካች የሌለው ቲያትር ነው ብንል ይቀርባል።

ከዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ቀድሞ ለሽያጭ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ከዚያ በፊት ሰዎቹ ይጫወቱ የነበረው በትናንሽ አሻንጉሊት ወታደሮች የሚደረገውን የጦርነት ጨዋታ ነበር፤ ይህን እንያዘው። በጦርነት ጨዋታ ውስጥ የወዲያኛው ወገን ወታደር ስም የለውም፤ እናት የለውም፤ ቁጥር ነው። ጨዋታው ከሜዳ ወደ ዋሻ ሲገባ ይኸው ስም የለሽ ጠላት ቀንድና ጥፍር አብቅሎ ተከትሎ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ ጋይጋክስ ጭራቆችን ብቻ በፊደል ተራ የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተመ። እያንዳንዱ ጭራቅ ስንት ምት እንደሚችል፣ ምን ያህል ሀብት እንደሚያከማች፣ ስንት ስንት ሆኖ እንደሚገኝ ተጽፎለታል፤ መልካም ይሁን ክፉም እዚያው ተጽፎለታል። ከቁመቱና ከፍጥነቱ ጋር ግብሩ አብሮ ተመዝግቧል ማለት ነው።

መጀመሪያ ግን ፍቅራችንን እንናገር፤ ጥያቄው ስለ ፍቅር ነበርና። ከነዚህ ሁሉ ውስጥ ሁላችንንም ያለ ክርክር የሚያስቀን «ዝገት በል» ብለን የምንጠራው ነው። ትውልዱ ራሱ ያስቃል። እንግሊዝኛው መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕሉ የተቀዳው በሆንግ ኮንግ ተሠርቶ በርካሽ ይሸጥ ከነበረ የፕላስቲክ አሻንጉሊት ነው፤ ጋይጋክስና ጓደኞቹ ምንነቱ የማይታወቀውን አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ አቁመው ስም አወጡለት። የጉጉት ራስና የድብ ገላ ያለው ሌላው ዝነኛ ጭራቅም የወጣው ከዚያው የአሻንጉሊት ከረጢት ነው። ዝገት በል እንግዲህ ሥጋችንን አይፈልግም፤ ደማችንን አይፈልግም። የሚፈልገው ብረታችንን ነው። በአንቴናው ሰይፍ ሲነካ ሰይፉ ዝጎ ይረግፋል፤ እሱም ዝገቱን ይልሳል። ዘንዶ ሲያይ የማይደነግጥ ጦረኛ ይህችን ፍጡር ሲያይ ጥሩሩን አውልቆ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ማየት ነው! አስተዋይ ተጫዋች ሚስማር ወርውሮላት መንገዱን ይቀጥላል። ማንም አይጠላትም። ምስጥ የቤታችንን ምሰሶ ስለበላ «ክፉ» አንለውም፤ ተርቦ ነው።

ሌላው ዝልግልጉ ኪዩብ ነው። በዋሻ ኮሪደር ውስጥ እየተንሸራተተ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ አራት ማዕዘን ሆኖ የተሠራ ነገር። ለምን አራት ማዕዘን ሆነ ቢሉ፣ በጨዋታው ካርታ ላይ ኮሪደር ሁሉ ስፋቱ አሥር ጫማ ስለሆነ እሱም አሥር ጫማ ሆኖ ልክክ እንዲል ነው። ለኮሪደር ተብሎ የተፈጠረ ፍጡር! (የማደሪያ ሕንፃችንን ኮሪደር የሚጠርግ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ብለን የተመኘንበት ሳምንት አለ።) በነዚህ ላይ የሥነ ምግባር ጥያቄ አይነሳም። ድንጋይ ሲንከባለል እንደምንሸሸው እንሸሻቸዋለን፤ ከቻልን እንገድላቸዋለን፤ ሌሊት እንቅልፍ አይነሱንም።

እንቅልፍ የሚነሳው ኦርክ ነው።

ኦርክ ሁለት እግር አለው፤ ይናገራል፤ ጦር ይሠራል፤ አለቃ አለው፤ ልጅ ይወልዳል። በ1977ቱ መጽሐፍ ኦርክ ክፉ ነው ተብሎ ተመዝግቧል፤ ክፋቱም «ሥርዓት ያለው» ክፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው እትም ደግሞ ክፋቱ «ሥርዓት የለሽ» ሆነ። ሥርዓቱ መጣ ሄደ፤ ክፋቱ ግን ንቅንቅ አላለም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጋይጋክስ ለጀማሪዎች ያዘጋጀው አንድ የታወቀ ጀብዱ አለ፤ በድንበር ላይ ያለ ምሽግና በአቅራቢያው ያሉ የጭራቅ ዋሻዎች ነው ታሪኩ። እዚያ ጽሑፍ ውስጥ የኦርኮቹ ዋሻ ሲዘረዘር ወንዶቹ ስንት፣ ሴቶቹ ስንት፣ የማይዋጉት ልጆች ስንት እንደሆኑ በቁጥር ተቀምጧል። ታዲያ እነዚህን ልጆች ምን እናድርጋቸው? ጽሑፉ ዝም ይላል። ዝምታው ግን ጠረጴዛውን ዝም አያሰኘውም።

እኛም ዘንድ ባለፈው ሴሚስተር እዚያው ዋሻ ደርሰን ነበር። ወንዶቹ ወድቀዋል፤ ከጀርባቸው ሴቶችና ልጆች ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። ከመካከላችን አንዱ የሚጫወተው ፓላዲን ነው፤ ፓላዲን ማለት ለጽድቅ ቃል ኪዳን የገባ ተዋጊ ነው፤ ቃሉን ካፈረሰ ኃይሉን ያጣል። «መጽሐፉ ክፉ ናቸው ብሏል፤ ካደጉ መንደሩን ያቃጥላሉ፤ ስለዚህ መግደል ጽድቅ ነው» አለ። ሌላዋ «ምን አደረጉህ?» አለችው። «ያደርጋሉ» አላት። «ያደርጋሉ ተብሎ የሚገደል አለ?» ሁለት ሰዓት ሙሉ ዳይስ አልወረወርንም። ሻይ ቀዘቀዘ። ከሕግ የመጣ አንድ ጓደኛችን ስለ ወንጀል ሐሳብና ስለ ወንጀል ተግባር ልዩነት ትምህርት ሰጠን፤ ማንም አላዳመጠውም እንጂ ጥሩ ትምህርት ነበር።

ይህ ክርክር የኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ተጫዋቾች ይህንኑ የፓላዲንና የምርኮኛ ነገር ራሱን ጋይጋክስን ጠይቀውት ነበር። በጽሑፍ በሰጠው መልስ ፓላዲን እጁን የሰጠ ክፉ ፍጡርን መግደል እንደሚችል ተናግሮ፣ ቅጫም ካልተገደለ ቅማል ይሆናል የሚለውን የቆየ የአሜሪካ አባባል አነሳ፤ አባባሉን ከሚሉት አንዱ ኮሎኔል ቺቪንግተን መሆኑንም እሱው ጠቀሰ፤ በዓይን የሚታይ እውነት ነውም አለ። ቺቪንግተን ማነው? እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1864 በኮሎራዶ ሳንድ ክሪክ በተባለ ስፍራ የሰፈሩትን የሻያንና የአራፓሆ ሕዝቦች በፈረሰኛ ጦር የወረረው ሰው ነው። ሰዎቹ በጦሩ ጥበቃ ሥር ነን ብለው የሰፈሩ ነበሩ። ከ150 የማያንሱ ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ናቸው። ቅጫም የተባሉት እንግዲህ እነዚያ ሕፃናት ነበሩ። ጋይጋክስ የሚወደድ ጨዋታ ሰጥቶናልና ውለታውን አንክድም፤ ነገር ግን የምናባዊው ዋሻ በር የሚከፈተው ወደ እውነተኛ መቃብር መሆኑን ያሳየን እሱው ራሱ ነው። «ጨዋታ ነው እኮ» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ነው እግሩ የሚከዳው። የጨዋታውን ጥያቄ የጨዋታው አባት የመለሰው ከታሪክ በወሰደው ቃል ነውና።

አሁን ነገሩን በእርጋታ እንመርምረው። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል ላይ፣ ዕውር ሆኖ የተወለደን ሰው ማንም እንደማይወቅሰው ያስታውሳል፤ የሚወቀሰው በስካር ዓይኑን ያጠፋ ነው። ወቀሳ የሚከተለው ሌላ ማድረግ የሚቻለውን ነው። ይህን ወደ ዋሻው እናምጣው። ኦርክ ክፉ ሆኖ የተወለደ ከሆነ፣ ክፋቱ እንደ ነብር ጥፍር ከሆነ፣ እንግዲያው በትክክለኛው የቃሉ ፍቺ ክፉ አይደለም፤ አውሬ ነው። አውሬን እንከላከላለን፤ እንሸሻለን፤ ግድ ከሆነ እንገድላለን፤ ነገር ግን «ፈረድንበት» አንልም፤ ገድለነውም ጻድቅ አንባልም። ክፋቱ የራሱ ምርጫ ከሆነ ደግሞ፣ ሌላም ሊመርጥ ይችል ነበር፤ ልጁም ገና አልመረጠም፤ ስለዚህ መጠየቅ አለበት። ከሁለቱ አንዱን መያዝ ይቻላል። «ተወልዶ ክፉ» የሚለው ሐሳብ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ ሊይዝ ይፈልጋል። ጥፋቱን ከሰው ይወስዳል፤ ያለ ፍርድ መገደሉን ከአውሬ ይወስዳል። ማታለያው ያለው እዚህ ስፌቱ ላይ ነው። ይህን ስፌት አንድ ጊዜ ያየ ሰው በጨዋታ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አያገኘውም።

ኦርክን ለጨዋታው ያወረሰው ቶልኪን ራሱ በዚህ ነገር ተሰቃይቷል። ቶልኪን ካቶሊክ ነበር፤ ክፋት መፍጠር አይችልም፣ የተፈጠረውን ማበላሸት ብቻ ነው የሚችለው የሚል እምነት ነበረው። እንግዲያው ኦርኮች ከየት መጡ? ተበላሽተው ነው ካልን ነፍስ አላቸው፤ ነፍስ ካላቸው ድኅነት ለምን ተዘጋባቸው? ዕድሜውን ሙሉ መልሱን ሲጽፍ ሲሰርዝ ኖረ። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 በታተሙት ማስታወሻዎቹ ውስጥ፣ ምሕረት የለመነ ኦርክ ዋጋ ቢያስከፍልም ምሕረት ሊደረግለት እንደሚገባ፣ ምርኮኛውም ሊሰቃይ እንደማይገባ ጽፎ ተገኝቷል። በዋናው ልብ ወለዱ ውስጥ ግን ይህ ሲሆን አይታይም። ሳም የተባለው የገጠር ልጅ ከደቡብ የመጣ የጠላት ወታደር ሬሳ አይቶ ስሙ ማን ይሆን፣ በእውነት ክፉ ሰው ነበር ወይስ ተታሎ ነው የመጣው ብሎ ያስባል። ለኦርክ ሬሳ ግን ማንም እንዲህ ሲያስብ አናይም። ደግሞ የሚገርመው፣ ሁለት ኦርኮች ለብቻቸው ሆነው ሲያወሩ የምንሰማበት ቦታ አለ። ምን ያወራሉ? አለቆቻቸውን ያማሉ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ከጥቂት የሚተማመኑባቸው ጓደኞች ጋር አለቃ ወደሌለበት ለመኮብለል ይመኛሉ። ይህን ያነበበ ሰው እንዴት ብሎ ነው «ጠይቄያቸው ነበር፤ ነፍስ የላቸውም» የሚለው?

ስለ ሩቅ አገር ሰዎች ጭራቅነት መጠየቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ እኛንም ይመለከታል። በ1977ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ካቶብሌፓስና ሉክሮታ የሚባሉ ሁለት ፍጡራን አሉ። ካቶብሌፓስ ራሱ ስለሚከብደው ሁልጊዜ መሬት መሬት የሚያይ፣ ዓይኑን ያየ ሰው ግን ወዲያው የሚሞትበት ነው። ሉክሮታ ደግሞ የአህያ ያህል ቁመት፣ የአንበሳ ደረት፣ እስከ ጆሮ የተሰነጠቀ አፍ ያለው፣ የሰው ድምፅ የሚያስመስል ነው። ምንጫቸው ሮማዊው ፕሊኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው። ፕሊኒ መኖሪያቸው የት ነው ይላል? ኢትዮጵያ! በርግጥ የዚያ ዘመን «ኢትዮጵያ» ከግብፅ ወደ ደቡብ ያለውን ጥቁር አፍሪካ ሁሉ የሚጠቀልል ስም ነበር። ፍሬ ነገሩ ግን ይኸው ነው፤ ጸሐፊው ያልሄደበት አገር ሁሉ ጭራቅ ያበቅላል። በሮም ጠረጴዛ ላይ ጭራቆቹ የሚኖሩት እኛ ዘንድ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ ተጽፈው ይዞሩ የነበሩት ወሬዎች ራስ የሌላቸው፣ አንድ እግር ያላቸው፣ የውሻ ራስ ያላቸው ሕዝቦች አሉ ይሉ ነበር። አውግስጢኖስ በአምስተኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ ስለ እግዚአብሔር ከተማ ሲጽፍ ይህን ጉዳይ አንስቶታል። መልሱ ሦስት በር አለው፦ ወይ ወሬው ሐሰት ነው፤ ወይ ፍጡራኑ ሰዎች አይደሉም፤ ወይም ሰዎች ከሆኑ፣ ማለትም የሚያስቡ ሟቾች ከሆኑ፣ መልካቸውና ድምፃቸው የፈለገውን ያህል እንግዳ ቢሆን የአዳም ልጆች ናቸው። መለኪያው መልክ አልሆነም፤ ማሰብ ሆነ። የዛሬ 1600 ዓመት ግድም የተጻፈ ነገር ስለሆነ ብቻ አናደንቀውም፤ በ1979ኙ ዋሻ ውስጥ ያልተጠየቀውን ጥያቄ ስለጠየቀ ነው።

ሮማውያኑን ይህን ያህል ከወቀስን ዘንድ ቤታችንን እንፈትሽ። ጭራቅ የምንለው ልጅ ማስፈራሪያ ነው፤ ማንም አይቶት አያውቅም፤ እሱ ይቅር። ቡዳስ? ቡዳ የሩቅ አገር ፍጡር አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ማረሻውን የሚቀጠቅጥልን፣ ጀበናውንና ምጣዱን የሚሠራልን ሰው ነው። ሌሊት ጅብ ይሆናል፤ በዓይኑ ይበላል፤ ይህም ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል ተባለ። ጅብ ተገድሎ ጆሮው ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ የውጭ አገር ተጓዦች ሳይቀሩ ሰምተው ጽፈውታል። ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው፣ በዚሁ ሙያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎችም፣ በዚህ ስም ተጠርተዋል። ጠይብ የሚለው የሙያ ስም ስድብ ሆነ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስ፣ እመቤቲቱ ያለ ጀበና ቡና አታፈላ፤ ነገር ግን ማረሻና ጀበና የሠራውን እጅ በጋብቻ አይነኩትም። ተመልከቱ፣ ያው ስፌት ነው። ጥፋቱ የሰው (ሆን ብሎ ይበላል)፤ ዘሩ የአውሬ (ጅብ ሆኖ ተወልዷል)። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር፤ አዋጅ መውጣቱ ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይመሰክራል። ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ገጠር ያደገ የክፍል ጓደኛውን ጠጋ ብሎ ይጠይቅ።

እዚህ ደርሰን «ጨዋታ ነው» የሚለውን ተቃውሞ እንደገና እናንሳው፤ በቅን ልቦና የሚያነሱት ጓደኞች አሉንና። ተቃውሞው እንዲህ ነው፦ በገበጣ ላይ ጠጠር የበላ ሰው ሌባ አይሆንም፤ በቲያትር መድረክ ላይ የገደለ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይሆንም። እውነት ነው። ኦርክ የገደለ ተጫዋች ወጥቶ ሰው ይገድላል የሚል የለም፤ እኛም አላልንም። የምንለው ሌላ ነው። ይህ ጨዋታ ከገበጣ የሚለየው ደጋግሞ «ምን ታያለህ? ምን ታደርጋለህ?» እያለ ስለሚያለማምድ ነው። በሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1994 ከገጀራው አስቀድሞ የመጣው ቃል ነበር፤ በረሮ የሚለው ቃል። በአገራችንም ባለፉት ዓመታት የፖለቲካ ንግግር ውስጥ ጅብም አረምም ሲባል በጆሯችን ሰምተናል። ከማዕድ ቤታችንና ከእርሻችን የተለቀሙ ቃላት ናቸው፤ ሁሉም የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ ይህን አትጠይቀው። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን የምንሰበሰብበት ጠረጴዛ ጥያቄን የሚያስረሳ ሳይሆን የሚያስታውስ ቢሆን እንመርጣለን። ምርጫ ነው፤ ሕግ አይደለም።

አሳታሚዎቹም ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ያገኙለት መፍትሔ ግን ሙሉ በሙሉ አላረካንም። ጨዋታውን አሁን የሚያሳትመው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ኦርክን የመሳሰሉ ሕዝቦች ከእንግዲህ በጅምላ ክፉ ተደርገው እንደማይቀርቡ አስታወቀ። በ2024ቱ እትም ኦርክ ተጫዋች የሚይዘው ገጸ ባሕርይ ሆነ፤ በ2025ቱ የጭራቆች መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ኦርክ ለብቻው ተዘርዝሮ አልወጣም። እስከዚህ መልካም ነው። ኖል የሚባለውን ግን እዩት። ኖል የጅብ ራስ ያለው ሰው መሰል ፍጡር ነው፤ ዪኖጉ የሚባል የአጋንንት አለቃ አለው። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንዲሉ፣ ጅባችን አሜሪካ ሄዶ ዙፋን ተነጠፈለት! (ሐረር ላይ ጅብ ጂን ያባርራል፣ ይበላልም እየተባለ ሥጋ በእጅ ይጎርሳል፤ እዚያ ማዶ ራሱ የጋኔን ወገን ሆነ።) በቀድሞዎቹ መጻሕፍት ኖል ከሰው መሰሎች መደብ ነበር። በ2025ቱ መጽሐፍ መደቡ ተለውጦ ከአጋንንት ወገን ተመዘገበ። አሁን ያለ ጥያቄ መግደል ይቻላል ማለት ነው። የተለወጠው ምንድነው? የሚናገር፣ የሚራብ፣ በቡድን የሚኖር ፍጡር ትናንት «ሰው መሰል» ነበር፤ ዛሬ በመዝገብ ላይ ስሙ ተለወጠና ጉዳዩ ተዘጋ። መዝገብ በመለወጥ ጥያቄን መዝጋት በጨዋታ መጽሐፍ ብቻ የሚደረግ ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

በሌላ በኩል «ጭራቅ ሁሉ የተበደለ ሰው ነው» የሚሉም አሉ፤ ከእነሱም ጋር አንስማማም። ክፋት አለ። ሊች የሚባለው ጠንቋይ ሞትን ፈርቶ፣ አስቦበት፣ ዓመታት ተዘጋጅቶ ነፍሱን በዕቃ ውስጥ ሸሽጎ ሬሳ ሆኖ የሚኖር ነው። ማንም አላስገደደውም፤ በዘር አልወረሰውም። በሊች ላይ የሚነሳ ሰይፍ ፍርድ ሊባል ይችላል፤ ምን እንደሠራ ይታወቃልና። በበኩላችን ክፉ ስንፈልግ ወደ ሊች እንሄዳለን።

ኮቦልዶችንም ሳናነሳ አናልፍም። ኮቦልድ ከሁሉ የመጨረሻ ደካማ፣ ቁመቱ የሰው ወገብ ያህል፣ ጀማሪ ተጫዋች በአንድ ምት የሚጥለው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1987 ድራገን በተባለው መጽሔት ላይ ሮጀር ሙር፣ ተከር የሚባል ተራኪ ይመራቸው ስለነበሩ ኮቦልዶች አንድ ርዕሰ አንቀጽ ጻፈ። እነዚያ ኮቦልዶች አልበረቱም፤ አሰቡ እንጂ። መተላለፊያውን ያውቁታል፤ በሩን ከኋላ ይዘጋሉ፤ በግድግዳ ቀዳዳ ይተኩሳሉ፤ እሳት ይለቃሉ። ታላላቆቹ ጀግኖች ተንጫጭተው ሸሹ። ብዙ ተራኪዎች ከዚህ የተማሩት ወጥመድ ማጥመድን ነው። እኛ ደግሞ ሌላ ነገር አየንበት። ቤታቸው የተወረረባቸው ትናንሽ ፍጡራን ቤታቸውን ሲከላከሉ ነው ያየነው፤ ታሪኩን ከነሱ ወገን ብንተርከው ጭራቆቹ እነማን ይሆኑ ነበር? ከዚያ በኋላ ተራኪያችን ማንኛውንም የሚናገር ፍጡር ከማምጣቱ በፊት ሦስት ነገር አስቦ እንዲመጣ ተስማማን፤ ምን ይበላል፣ ማንን ይፈራል፣ እጁን መስጠት ይችላል ወይ። ይህንን መመለስ ያልቻለ እንደሆነ ዝልግልጉ ኪዩብ ምንጊዜም አለ።

እንግዲህ ወደ ተጠየቅነው ጥያቄ እንመለስ። ድምፅ ሰጥተንበት ያሸነፈው ዝገት በል ወይም ሊች አይደለም፤ ያው የፕሊኒ ሉክሮታ ነው። ፕሊኒ ስለ ጅብም ሲጽፍ፣ እረኞች ሰፈር ተጠግቶ የአንዱን ስም ያጠናና በስሙ ጠርቶ ያስወጣዋል ይላል። ሉክሮታም ከጫካ ውስጥ በሰው ድምፅ ይጮኻል። ተጫዋቹ «ድረሱልኝ!» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ ሰው ይሁን ሉክሮታ አያውቅም። ይህ ጭራቅ ከሥጋችን በፊት የሚበላብን ነገር አለ፤ እሱም ጩኸት ስንሰማ የመሮጥ ልማዳችንን ነው። አንድ ጊዜ የተታለለ ቡድን ሁለተኛ ጊዜ ጆሮውን ይደፍናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚጮኸው እውነተኛ ሰው ይሆናል።

በዚህም ላይ ሁላችን አንድ አልሆንንም። ከመካከላችን አንዷ ሉክሮታ ከጠረጴዛችን ይውጣ ትላለች፤ ሰው ሲጮኽ አለመሄድን የሚያስተምር ጭራቅ ከኦርክ የባሰ ነው ባይ ናት። ሌሎቻችን፣ አታላይ ጩኸት መኖሩን እያወቁ መሄድ ነው ቁም ነገሩ፣ ሳያውቁ መሄድማ ማንም ይሄዳል ብለን ተከራከርናት። አላመነችም። ባለፈው ቅዳሜ ከገደል ሥር የሴት ልቅሶ ተሰማ። ሦስቱ እንለፍ አሉ፤ ፓላዲኑ ዝም አለ። እሷ የምትጫወተው ሌባ ግን፣ ያቺው ሉክሮታ ይውጣ ያለችው፣ ገመዱን ከዛፍ አስራ መውረድ ጀመረች። የእራት ሰዓት ደረሰና እዚያው ላይ አቆምን፤ ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለች ናት።